ያልተነገረው ዘመቻ፤ የዘማች ዝምታ በቂርቆስና በካዛንቺስ ቤቶች

የጦርነት ታሪክ በሀገራችን ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ ከክተት አዋጅ ይጀምርና በድል ወይም በዕርቅ ቀን ያበቃል። ሠራዊቱ ተነሣ፣ ገሠገሠ፣ ተዋጋ፤ የወደቁት በክብር ዐረፉ፣ የተረፉት ሜዳልያ ተሸልመው ወደየቤታቸው ተመለሱ ይባልና መጽሐፉ ይዘጋል። ዳሩ ግን ከዚያ በኋላ የሚመጡት ሠላሳና አርባ ዓመታት የታሪኩ ክፍል አይደሉም ለማለት አይቻልም። ዘማቹ ያየውን ሁሉ ይዞ ወደ ቤቱ ገብቷል፤ በቤቱም ሚስትና ልጆች ይጠብቁት ነበር። እርሱ ያላወራላቸውን ነገር ከእንቅልፉ፣ ከቁጣውና ከዝምታው ርዝመት ተረዱት።

ይህ ርእስ ቤትና ድልድይ፣ መንገድና የውሃ መስመር ለሚያቅዱ ሰዎች በሚዘጋጅ መጽሔት ላይ እንግዳ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በመሐንዲስነት ሙያ የተሰማራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በሕንፃ ላይ ያረፈ ሸክም ስላልታየ ብቻ የማይጠፋ መሆኑ ነው። ከጣራው ወደ ምሰሶው፣ ከምሰሶው ወደ መሠረቱ ይወርዳል፤ መሠረቱ ያልተዘጋጀለት እንደ ሆነም ስንጥቁ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ምናልባትም ሸክሙ ካረፈበት ቦታ ርቆ ይታያል። በቤተሰብም ዘንድ የሚደርሰው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

ባህላችን ለጦርነት ሁለት ጉልህ ወጎች አበጅቷል። ለጀግናው ሽለላ፣ ቀረርቶና ፉከራ አለለት፤ ለወደቀው ደግሞ መርዶ፣ ለቅሶ፣ ሰልስት፣ አርባና ተዝካር አለለት። በሁለቱም ወጎች ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ነገሩ በአደባባይ ይነገራል፣ ደስታውም ሆነ ኀዘኑ የብዙ ሰው ይሆናል። ሆኖም ሦስተኛ ሰው አለ። እርሱም በሕይወት የተመለሰው፣ ነገር ግን እንደ ሄደ ሆኖ ያልተመለሰው ነው። ለዚህ ሰው ወግ አልተበጀለትም። የሚፎክርበት ልብ የለውም፤ እንዳይለቀስለት አልሞተም። ስለዚህ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ተቀመጠ። በቂርቆስና በካዛንቺስ ሰፈሮች ያለፈው የአንድ ምእት ዓመት ታሪክ ይህ ዝምታ እንዴት እንደ ተበጀና ከአባት ወደ ልጅ እንዴት እንደ ተላለፈ ያሳያል።

ከጦር ሰፈር ወደ መኖሪያ ሰፈር

ሰፈር የሚለው ቃል ራሱ የጦር ቃል ነው። ጦር ጉዞውን አቋርጦ ድንኳን የተከለበት ቦታ ሰፈር ይባላል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር መኳንንቱ ቦታ እየተመሩ ጭፍሮቻቸውን በዙሪያቸው ስላሰፈሩ፣ ከተማዋ ያደገችው በጦር ሰፈር ሥርዓት ነው። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር የሚሉት ስሞች ይህንኑ ያስታውሳሉ። የቂርቆስ አካባቢ ደግሞ ስሙን ያገኘው ሕዝቡ ጨርቆስ እያለ ከሚጠራው ከቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በአቅራቢያው ያሉት በቅሎ ቤት የጭነት ከብትን ዘመን፣ ለገሃር የምድር ባቡርን ዘመን በስማቸው ይዘው ቈይተዋል።

የካዛንቺስ ስም ግን የመጣው ከወረራ ነው። በፋሽስት ኢጣልያ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራው የኢጣልያ ተቋም በአሕጽሮት ኢንቺስ ይባል ነበር። የተቋሙ ቤቶች «ካዘ ኢንቺስ» ተባሉ፤ ይኸው አጠራር በአዲስ አበባ ሰው አንደበት ካዛንቺስ ሆነ። ዘመኑ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ የተዋጋውና የመርዝ ጋዝ የወረደበት ሠራዊት ቁስሉ ያልሻረበት፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የተጀመረውም እልቂት በአዲስ አበባ ቤቶች ውስጥ ገና ትኩስ ኀዘን የነበረበት ነው።

በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ ለወራሪው ሹማምንት የተሠሩት ቤቶች ወደ ኢትዮጵያውያን እጅ ገቡ። በከተማዋም በዱር በገደል የኖረው አርበኛ፣ ከስደት የተመለሰው፣ ለጠላት ያደረውና ጠላት ዘመዱን የገደለበት ሰው ጎረቤት ለጎረቤት መኖር ጀመሩ። በአንድ ምንጭ የሚቀዳ፣ በአንድ ዕድር የሚቀባበር ሕዝብ በሰላም ያድር ዘንድ ብዙ ነገር ሳይነሣ መቅረት ነበረበት። የዝምታው የመጀመሪያ ድንጋይ የተቀመጠው በዚህ ጊዜ ነው ለማለት ይቻላል። ዝምታው በዚያን ዘመን ጥቅም አልነበረውም አይባልም፤ ያለ እርሱ ሰፈር ሰፈር ባልሆነም ነበር። ዋጋው የታወቀው በኋላ ነው።

በ1948 ዓ.ም. የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት፣ በ1953 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ አዳራሽ በአካባቢው ተሠርተው ሲመረቁ ካዛንቺስና ጎረቤቶቿ የመንግሥትና የዓለም አቀፍ ጉባኤ መናኸሪያ ሆኑ። ከታላላቁ መንገድ ጀርባ ግን የዘበኛው፣ የወታደሩ፣ የሾፌሩ፣ የባቡር ሠራተኛውና የአስተማሪው ባለ ጭቃ ግድግዳ ቤቶች እንደ ተጠጋጉ ቀሩ።

ቃኘው፤ ምርኮኛ ያልሰጠ ሻለቃ

ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. በኮሪያ ጦርነት ሲነሣ ኢትዮጵያ ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጥሪ ወታደር በመላክ መልስ ሰጠች። ሀገሪቱ በ1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት የጋራ ደኅንነት ይከበር ብላ ጠይቃ ሰሚ ያጣች ስለ ነበረች፣ ለሌላው ስትደርስ ለራሷም ትመሰክር ነበር። ከክብር ዘበኛ የተውጣጣው ሻለቃ በራስ መኰንን የፈረስ ስም ቃኘው ተብሎ ተሰየመ። የመጀመሪያው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተነሥቶ በዚያው ወር መጨረሻ ፑሳን ገባ፤ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋርም ተመደበ። ተኩሱ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. እስኪቆምና ከዚያም ወዲህ እየተተካኩ በሄዱት ሻለቆች በጠቅላላው ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ዘምተዋል። ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቈሰሉ፤ የተማረከ ግን አንድም አልነበረም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ የሻለቃው ትልቅ ክብር ነው፤ በዓለም ፊት የሀገሪቱን ስም አስጠርቷል። ነገር ግን ክብሩ በራሱ በዘማቹ አፍ ላይ ቍልፍ ሆነ። ምርኮኛ ካልሰጠ፣ ሬሳ ጥሎ ካልሸሸ ሻለቃ የተመለሰ ሰው «ፈርቼ ነበር» ብሎ ለማን ይናገራል? ከዜሮ በታች ወርዶ ጣት በሚያደነዝዘው የኮሪያ ክረምት፣ በማያውቀው ተራራ ላይ፣ ጓደኛው በአጠገቡ ሲወድቅ ምን እንደ ተሰማው ቢጠየቅ፣ ፉከራ የሚያውቀው ቋንቋ ለዚያ መልስ ቃል አልነበረውም። ፉከራ የገደለውን ይቈጥራል፤ የቀበረውን አይቈጥርም።

ዘማቾቹ ያዩት ሞትን ብቻ አልነበረም። በጦርነቱ ወላጅ ያጡትን የኮሪያ ሕፃናት ያሰባሰበ ማሳደጊያ በዶንግዱቾን ከተማ አቋቁመው ሕፃናቱን በየጊዜው ይረዱ ነበር። ይህንን ያህል ርኅራኄ የነበራቸው ሰዎች ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ ለገዛ ልጆቻቸው ስለ ጦርነቱ ለማውራት መቸገራቸው ዝምታው ከልብ ጥንካሬ ወይም ከፍቅር ማጣት የመጣ አለመሆኑን ያመለክታል። ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። ማርሻል የተባለው አሜሪካዊ የጦር ታሪክ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው መጽሐፍ የቃኘውን ወታደሮች የሌሊት ቅኝትና ውጊያ በዝርዝር አስፍሯል። የታሪኩ ዝርዝር በእንግሊዝኛ ታትሞ በባሕር ማዶ ሲነበብ፣ እንግሊዝኛ ያልተማሩት የዘማቾቹ ልጆች ግን በአንድ ክፍል ውስጥ ከባለታሪኩ ጋር እየኖሩ አንዲት ገጽ አልደረሰቻቸውም።

በሰሜን አዲስ አበባ ኮሪያ ሰፈር የሚባለው መንደር ስሙን ከእነዚሁ ዘማቾች ወስዷል። በዚያ የሚኖር ልጅ ቢያንስ ከሰፈሩ ስም ተነሥቶ «ለምን ኮሪያ ተባለ?» ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር። ከቂርቆስና ከካዛንቺስ ቤቶች መካከል የገባው ዘማች ግን ሰፈሩም ስሙም አልመሰከረለትም።

ሁለት ጊዜ የተዘጋ አፍ

የዘማቹን ዝምታ ባህል ብቻ አላበጀውም፤ ፖለቲካም ደግፎታል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መሪዎች መንግሥት ለመገልበጥ ሲነሡ አዲስ አበባ ውስጥ የክብር ዘበኛና የጦር ሠራዊት ወታደሮች ተታኰሱ። ቃኘው የወጣው ከክብር ዘበኛ ስለ ነበረ፣ በኮሪያ ተራራ ላይ ተርፈው የመጡ አያሌ ወታደሮች ይህ ማዕበል በገዛ ከተማቸው ደረሰባቸው። ክፍሉ ተበትኖ እንደ አዲስ ሲደራጅ ብዙዎች ታሠሩ፣ ብዙዎችም ወደየጠረፉ ተላኩ። ከዚያ ወዲህ «በክብር ዘበኛ ነበርሁ» ብሎ መናገር ሌላ ጥያቄ የሚያስከትል ነገር ሆነ።

ሁለተኛው መዝጊያ የመጣው ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ነው። ክብር ዘበኛን ያዘዙትና ቃኘው ሲደራጅ ኃላፊ የነበሩት ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ በ1953 ዓ.ም. በሴረኞቹ እጅ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተገድለው ነበር፤ በኮሪያ የኢትዮጵያ ጦር አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ከበደ ገብሬ ደግሞ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ከረሸናቸው ባለሥልጣኖች አንዱ ሆኑ። አንደኛው በንጉሡ ላይ በተነሡት እጅ፣ ሌላው ንጉሡን ባወረዱት እጅ ሞቱ። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ከሰሜን ኮሪያ ጋር የዲፕሎማሲ ግንኙነት መሠረተች። በ1977 ዓ.ም. ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት በኦጋዴን ጦርነት ለወደቁት ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን መታሰቢያ የቆመው የትግላችን ሐውልት የተሠራው በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እርዳታ ነው። ከሰሜን ኮሪያ ጋር የተዋጋ አባት በዚያ መንገድ ሲያልፍ ልጁን ይዞ ምን ብሎ ያስረዳው ነበር? ሜዳልያው በሣጥን ግርጌ፣ ፎቶግራፉ በልብስ ስር ቢቀመጥ አይፈረድበትም።

ይህንን ያነበበ ሰው ሁሉ ሊያስተውለው የሚገባው በየጊዜው የተለወጠው መንግሥት ከእርሱ በፊት የነበረውን ዘማች ታሪክ ዋጋ እንዳሳጣበት ነው። ያለፈው ዘመን ወታደር ለአዲሱ ዘመን ወይ ተጠርጣሪ ወይ የተረሳ ነበረ። አባትየው ዝም ያለው ለመርሳት ብቻ አይደለም፤ ልጆቹን ከአደጋ ለመጠበቅም ነበር። ልጆቹ ግን ይህንን ምክንያት አያውቁም ነበርና ዝምታውን እንደ ቅሬታ ወይም እንደ ጥላቻ ተረጐሙት።

የግድግዳው ውፍረት

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን የቂርቆስና የካዛንቺስ ብዙ ቤቶች የቀበሌ ቤት ሆኑ። ለነዋሪው የኪራዩ መቀነስ ትልቅ ዕፎይታ ነበር፤ ቤቱ ግን ከዓመት ወደ ዓመት ቤተሰብ ሲጨመርበት እንጂ ክፍል ሲጨመርበት አልታየም። የአሠራሩ ሥርዓት ለማኅበሩ አባላት እንግዳ አይደለም፤ የባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር፣ በጭድ የተረገጠ ጭቃ፣ የአቡጀዲ ኮርኒስ፣ የቆርቆሮ ክዳን። በብዙዎቹ ቤቶች ከፋዩ ግድግዳ በኮርኒሱ ከፍታ ላይ ስለሚቆም ከአቡጀዲው በላይ ያለው ባዶ ቦታ ከክፍል ወደ ክፍል፣ አንዳንዴም ከጎረቤት ወደ ጎረቤት አንድ ሆኖ ይቀጥላል። ብርሃን ይከለክላል፤ ድምፅ ግን አይከለክልም።

በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ቀን ዝም የሚል ሰው ሌሊት ዝም ሊል አይችልም። ዘማቹ ሲቃዥ፣ ባንኖ ሲነሣ፣ በማያውቁት ስም ሲጣራ ሕፃናቱ ሰሙ፤ ጎረቤትም ሰማ። ጧት ግን አልሰማንም ይባላል። እናት «አባታችሁ ደክሞት ነው» ትላለች፤ ጎረቤት «እንደምን አደራችሁ» ብሎ ያልፋል። ልጆቹም ከዚህ ትምህርት ይወስዳሉ፤ የተማሩትም በቤታቸው ውስጥ የሚሰማና የማይነገር ነገር መኖሩን ነው። በቤተ መንግሥት አጠገብ በበዓል ቀን መድፍ ሲተኰስ ወይም ርችት ሲፈነዳ አባትየው ፊቱን ሲያዞር ያየ ልጅ፣ ሌላው ልጅ ርችቱን ሲመለከት እርሱ የአባቱን ፊት መመልከት ይለምዳል።

ሕዝቡ ለዚህ ሁኔታ ቃላት አጥቶ አልነበረም። ባነነ፣ ቃዠ፣ ቈዘመ፣ ብርድ መታው፣ ነካ አደረገው፣ ዛር ያዘው ይባላል። መፍትሔም ተፈልጎ ነበር፤ ጠበል፣ ሱባኤ፣ የነፍስ አባት። ከእነዚህ ሁሉ ለዘማቹ እውነተኛ ጆሮ የሰጠው የነፍስ አባቱ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም፤ ሰው የገደለ ወታደር ስለ ገደለው ሰው ኀዘኑን የሚናገርበት የንስሐ ሥርዓት ነበረውና። ይሁን እንጂ የንስሐ ነገር በካህኑና በንስሐ ልጁ መካከል ታሽጎ ይቀራል። ነፍስን ያሳርፋል፤ ሚስትና ልጅ ግን ከደጅ ይቀራሉ።

በቤት ውስጥ ሸክሙን የተሸከመችው ሚስት ነበረች። ጡረታ ለማስፈጸም ከቢሮ ወደ ቢሮ የምትመላለሰው፣ ጠላ ጠምቃ ወይም እንጀራ ጋግራ ሸጣ ጐደሎውን የምትሞላው፣ አባት ሲቈጣ ልጆቹን የምታሸሸው፣ ልጆቹ ሲያኰርፉ የምታስታርቀው እርሷ ነበረች። ከልጆቹም የመጀመሪያዪቱ ሴት ልጅ ብዙ ጊዜ የእናቷ ምክትል ትሆናለች። የአባቷን ጠባይ ከጫማው ድምፅ ታውቃለች፤ ታናናሾቿንም ጸጥ ታሰኛለች። ወንዶቹ በበኩላቸው ወይ ከአባታቸው ይርቃሉ፣ ወይ ደግሞ ያልተነገራቸውን ነገር ለማወቅ የፈለጉ ይመስል ራሳቸው ወታደር ይሆናሉ።

ስም ያልነበረው ሕመም

በዚህ ረገድ ሀገራችን ብቻዋን ወደ ኋላ የቀረች መስሎ ሊታይ አይገባም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1915 እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ማየርስ በመድፍ ድብደባ የተናወጡትን ወታደሮች ሁኔታ በሕክምና መጽሔት ላይ ሲገልጽ፣ ብዙ አዛዦች ነገሩን ከፍርሃት ለይተው አያዩትም ነበር። ዛሬ ከአደጋ በኋላ የሚመጣ የመንፈስ ጭንቀት እየተባለ የሚታወቀው ሕመም በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መዝገብ ውስጥ በስሙ የገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ይህም የቃኘው ወታደሮች ከኮሪያ ከተመለሱ ከሩብ ምእት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል በ1930 ዓ.ም. ገደማ ተቋቁሞ ለረጅም ዘመን የሀገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ቈይቷል፤ የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን በልዩ ሙያ የማሠልጠኑ ሥራ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረውም በ1995 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ለቂርቆሱ ዘማች ሐኪም ቤት ማለት የጥይት ቁስል የሚታጠብበት ቦታ ነበረ።

ስለ ልጆች የተደረገው ምርምርም እንዲሁ ዘግይቶ የመጣ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት እልቂት የተረፉ አይሁዳውያን ልጆች፣ እልቂቱን በዐይናቸው ሳያዩ በመንፈስ ጭንቀት ወደ ሐኪም መምጣታቸውን የካናዳ ሐኪሞች የጻፉት ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነው። በአሜሪካ ደግሞ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቬትናም ዘማቾች ላይ የተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናት፣ በጥናቱ ጊዜ ከወንዶቹ ዘማቾች ከ100 ወደ 15 የሚሆኑት ሕመሙ እንዳለባቸው አሳየ። ሕመሙ ባለባቸው ሰዎች ቤት የትዳር ችግርና የልጆች የጠባይ ችግር ከሌሎቹ ዘማቾች ቤት ይልቅ በዝቶ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች እንዳመለከቱትም፣ የአባትና የልጅን ግንኙነት ይበልጥ የሚጎዳው የአባትየው ስሜት መደንዘዝና ከሰው መራቅ ነው።

ከዚህ ጥናት ሁለት ነገር መማር ይቻላል። አንደኛው፣ ዘማች ሁሉ የታመመ አለመሆኑ ነው፤ አብዛኛዎቹ ሠርተው፣ ልጆቻቸውን አስተምረው፣ በሰላም አርጅተዋል፤ ይህንን መካድ እነርሱን መበደል ይሆናል። ሁለተኛው፣ ልጅን የሚጎዳው የጦርነቱ ወሬ እንዳይመስለን ነው። ብዙ ወላጅ ልጁን ከክፉ ወሬ በመከልከል የጠበቀው መስሎት ነበር፤ ልጁን ያስጨነቀው ግን ምክንያቱ ያልታወቀው ቁጣና ርቀት ነው። ሕፃን ያልተነገረውን ነገር በራሱ ይሞላዋል፤ ሲሞላውም ጥፋቱን ለራሱ ይሰጣል።

ዘማች በዘማች ላይ

የቃኘው ዘማቾች ልጆች ሲያድጉ ሌላ ጦርነት ደረሰ። ሚያዝያ 4 ቀን 1969 ዓ.ም. የእናት ሀገር ጥሪ ሲታወጅ በታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነው ሚሊሺያ፣ በሰኔ ወር ከቂርቆስ ቤቶች አጠገብ ባለው በያኔው አብዮት አደባባይ ተሰልፎ ወደ ግንባር ሄደ። በዚያው ጊዜ ቀይ ሽብር በከተማው መንገድ ላይ ነበር። ልጅ ከአባቱ የሚደብቀው የራሱ ምስጢር ነበረው፤ አባትም ከልጁ የሚደብቀው አሮጌ ምስጢር ነበረው። ሁለቱም ስለ ሞት የሚያውቁትን ሳይነጋገሩ በአንድ ጣራ ሥር አደሩ።

መንግሥት ለዘማቹ ያደረገለት ነገር አልነበረም ማለት ስሕተት ነው። በደብረ ዘይት ለአካል ጉዳተኞች ጀግኖች አምባ፣ በአላጌ ወላጆቻቸውን በጦርነት ላጡ ልጆች ሕፃናት አምባ ተቋቁመው ብዙ ሰው ረድተዋል። ነገር ግን እርዳታው በእግር ወይም በእጅ መጕደል፣ ወይም በአባት ሞት የሚለካ ነበር። ሁለት እጅና ሁለት እግር ይዞ የተመለሰ አባት ለነበረው ልጅ አምባ አልተሠራለትም። በ1975 ዓ.ም. ብሔራዊ ውትድርና ሲታወጅ ደግሞ የዘማቹ ቍጥር ይበልጥ በዛ።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት ተበተነ። ከእነዚህ ውስጥ ወደ ከተማ የገቡት ዘበኛ፣ የቀን ሠራተኛ፣ ተሸካሚ ሆኑ፤ በየመንገዱ የለመኑም ነበሩ። «የደርግ ወታደር» የሚለው አጠራር ስድብ ሆኖ ስለ ቈየ አሥር ዓመት የዘመተ ሰው ለልጁ «በሌላ ሥራ ነበርሁ» ማለትን መረጠ። በዚህም በ1953ና በ1967 ዓ.ም. የታየው ነገር ሦስተኛ ጊዜ ተደገመ። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት የእነዚህን ሰዎች ታናናሾችና ልጆች ወሰደ።

የቃኘው ዘማቾች ታሪክ ግን ዘግይቶም ቢሆን ተመለሰ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የደቡብ ኮሪያ መንግሥትና ሕዝብ ለዘማቾቹ ድጎማና ሕክምና፣ ለዘሮቻቸው የትምህርት ዕድል መስጠት ጀመሩ፤ በአፍንጮ በር አካባቢም የመታሰቢያ ሐውልት ቆመ። ብዙ የልጅ ልጆች የአያታቸውን ሜዳልያ ከሣጥን ወጥቶ በደረት ላይ ያዩት ያን ጊዜ ነው። ደስ የሚል ፍጻሜ ነው፤ የሚያሳዝንም ነገር አለበት። የክብሩ ታሪክ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲደርስ በመካከል ያለው ልጅ፣ ሌሊት የሚሰማውን ጩኸት ሲያዳምጥ ያደገው፣ አሁንም የሚጠይቀው ሰው አላገኘም።

ለሚመጣው የሚበጅ ወግ

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን የተነሣው ጦርነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት ሲቆም፣ ሀገሪቱ እጅግ ብዙ ተመላሽ ዘማች በእጇ ላይ ቀረ። የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ከ370,000 በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ ዕቅድ ይዞ በኅዳር 2017 ዓ.ም. በትግራይ ሥራውን ጀመረ። በትግራይ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ለወደቁት ተዋጊዎች መርዶ ተነግሮ በአደባባይ ሲለቀስ እንደታየው ለሞተው ያለን ወግ ዛሬም ጽኑ ነው። ለተመለሰው የሚበጀው ወግ ግን ገና አልተበጀም። የእነዚህ ሰዎች ልጆች ዛሬ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ናቸው።

በዚሁ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ነባሩ የካዛንቺስ ክፍል በመልሶ ማልማት ሲፈርስ ነዋሪዎቹ ወደ ልዩ ልዩ የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛወሩ። ቤቶቹ ያረጁ፣ መጸዳጃቸው የጋራ፣ ጣራቸው የሚያፈስ ነበሩና ለአፈራቸው ብቻ መቈጨት አይገባም። አብሮ የተበተነው ግን ሌላ ነገርም ነበር። የጎረቤቱን ጩኸት አርባ ዓመት ሰምቶ ዝም ያለ ሰው፣ ዝም ቢልም ያውቅ ነበር፤ ዘማቹ ሲታመም ማን እንደሚጠራ፣ ሚስቱ ሲከፋት ወዴት እንደምትሄድ ያውቅ ነበር። በአዲሱ መንደር ያለው ጎረቤት ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ከበስተጀርባው ማን እንዳለ አያውቅም።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ሦስት መልክ አለው። ለተመላሽ ተዋጊዎች ማቋቋሚያ ሲታቀድ ከመኝታ አዳራሽ፣ ከወጥ ቤትና ከሥልጠና ክፍል ጋር ሰው ብቻውን ከሐኪም ወይም ከአማካሪ ጋር የሚቀመጥበት፣ ሚስትና ልጆችም መጥተው የሚያርፉበት ክፍል በንድፉ ላይ ከመጀመሪያው ይኑር፤ በኋላ የሚጨመር ክፍል ገንዘብ ሲያንስ መጀመሪያ የሚቀነስ ክፍል መሆኑን የሙያው ሰዎች ያውቁታል። ነዋሪ ከነባር ሰፈር ሲነሣም ዕድርተኛው በተቻለ መጠን በአንድ አካባቢ እንዲሰፍር፣ ዕድሩ የሚሰበሰብበትም አዳራሽ እንዲኖረው ይታሰብ፤ ዕድር ለሞተው ብቻ የሚደርስበት ምክንያት የለም፤ ለተመለሰውም ሊደርስ ይችላል።

ሦስተኛው የቤት ሥራ ነው። ከቃኘው ዘማቾች በሕይወት ያሉት ጥቂቶች ዕድሜያቸው ዘጠና ዓመት ገብቷል፤ የኦጋዴንና የሰሜን ዘማቾችም አርጅተዋል። እንዲህ ያለ አባት ወይም አያት ያለው ሰው «ስንት ገደልህ?» የሚለውን የፉከራ ጥያቄ ይተው። ብርዱ እንዴት ነበር፣ ምን ትበሉ ነበር፣ አብሮህ የነበረው ጓደኛህ ስሙ ማን ነበር፣ ብሎ ይጠይቅ። መልስ ካልመጣ ሰውየውን ማስጨነቅ አይገባም፤ ጥያቄው መጠየቁ ራሱ የሰውየው ዝምታ እንደ ጥላቻ እንዳልተቈጠረበት ይነግረዋል። የጓደኛውን ስም የጠራ እንደ ሆነ ግን ስሙ በወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ቀኑም አብሮ ይጻፍ።